የተዳፈነ እሳት፦ አፈር የጠፋ የሚመስለውን ቃጠሎ እንዴት ደብቆ እንደሚያቆይ



በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት ስለ እሳትና ስለ አፈር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማንሳታችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ አፈር በብዙዎቻችን ዘንድ የሚታወቀው እሳት ሲነሳ የሚበተን ማጥፊያ ሆኖ ነውና። ሆኖም በዓለም ላይ ከፍተኛ ጉዳት ካደረሱት የደን ቃጠሎዎች መካከል አንዳንዶቹ፣ ሰዎች «ጠፍቷል» ብለው ከሄዱ በኋላ ከመሬት ውስጥ እንደገና የተነሱ ናቸው። በእነዚያ ቃጠሎዎች መሬቱ እሳቱን አላጠፋውም፤ ደብቆ አቆየው እንጂ።

እኛ በመጠለያ ጣቢያው የምናስተምር ስደተኛ መምህራን ይህን ርዕስ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እዚህ ካኩማ የምንኖረው በደረቅና ነፋሻ ቦታ፣ ቤት ከቤት ተጠጋግቶ፣ ጣሪያው ሸራ ወይም ቆርቆሮ፣ አጥሩ ደረቅ እሾህ በሆነበት ሰፈር ነው። በየቀኑ በእንጨትና በከሰል እናበስላለን፤ አመዱንም በየደጃችን እንደፋለን። ሁለተኛ፣ በአገራችን በባሌና በሰሜን ተራሮች ስለደረሱት ቃጠሎዎች ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ ጠፋ የተባለ እሳት ለምን ተመልሶ እንደሚነሳ ግን የሚያስረዳን አላገኘንም።

ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ የሚከተለው ይሁን፦ ነበልባሉ ጠፋ ማለት እሳቱ ጠፋ ማለት አይደለም። መሬቱ ተቆፍሮ፣ በእጅ ተዳስሶ፣ ቀዝቅዞ እስካልተገኘ ድረስ እሳቱ አለ።

1. እሳት ማዳፈን ምን ያስተምረናል?

ሁላችንም በእናቶቻችን ቤት የምናውቀው ነገር አለ። ማታ ሥራ ሲያልቅ ረመጡ ወደ ምድጃው መካከል ይሰበሰብና በአመድ ይዳፈናል። ሌሊቱን ሙሉ ነበልባል አይታይም። ሲነጋ አመዱ ይገለጣል፤ ጭራሮ ተጨምሮ እፍ ሲባልበት ወዲያው ይቀጣጠላል። ክብሪት በማይገኝበት አገር ቤተሰብ እሳቱን የሚያኖረው በዚህ ዘዴ ነበር።

አመዱ የሚሠራው ሥራ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወደ ፍሙ የሚደርሰውን አየር ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አይዘጋውም፤ ስለዚህ ፍሙ እየቆጠበ በዝግታ ይነዳል። ሁለተኛ፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። እንደሚታወቀው እሳት ለመኖር ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም የሚነድ ነገር፣ ሙቀትና አየር ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ጨርሶ ካልተወሰደበት አይሞትም። ማዳፈን ማለት ሦስቱንም በጥቂቱ ማቆየት ማለት ነው።

ከሰል የሚያከስሉ ሰዎችም ይህንኑ ያውቃሉ። እንጨቱን ከምረው በሣርና በአፈር ይሸፍኑታል፤ ክምሩም ለቀናት ውስጥ ለውስጥ ይነዳል። አፈሩ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ግን አየር ይገባና እንጨቱ ከሰል መሆኑ ቀርቶ አመድ ይሆናል። ስለዚህ አክሳዩ ክምሩን እየዞረ ስንጥቁን ይደፍናል።

በሸዋ ደጋ ደግሞ አፈሩን ራሱን የሚያቃጥሉ ገበሬዎች አሉ። ሣር የበዛበትን መሬት አርሰው ጓሉን ይከምራሉ፤ ከውስጡም ኩበት ለኩሰው ይተዉታል። ክምሩ ነበልባል ሳይታይበት ለብዙ ቀናት ይጨሳል። ከዚያ በኋላ የሚዘራው ገብስ በመጀመሪያ ጥሩ ይሆናል፤ ውሎ አድሮ ግን መሬቱ ይደክምና ለዓመታት ጦም ያድራል። እንግዲህ «አፈር ይነዳል» ብንል ለኢትዮጵያ ገበሬ አዲስ ነገር አልነገርነውም።

2. ነበልባልና ፍም

እንጨት ሲሞቅ ጋዝ ይወጣዋል። ነበልባል ብለን የምናየው ይህ ጋዝ ከአየር ጋር ተደባልቆ ሲነድ ነው። ፍም ግን ከዚህ ይለያል። በፍም የሚነደው ጠጣሩ ነገር ራሱ፣ አየር በሚነካው ገጹ ላይ ነው። ነበልባል ብዙ አየር ይፈልጋል፤ ፈጥኖ ይሮጣል፤ ከሩቅም ይታያል። ፍም በጥቂት አየር ይኖራል፤ በዝግታ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም አይታይም።

በደን መሬት ውስጥ የሚሄድ የፍም እሳት በሰዓት የሚያልፈው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሙቀቱ ግን ከ500 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል። ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ መሆኑን ስታስታውሱ መጠኑን ትረዱታላችሁ። ነበልባል ባለፈበት ቦታ የአፈሩ ሙቀት ለደቂቃዎች ብቻ ከፍ ሊል ይችላል፤ የፍም እሳት ግን አንድ ቦታ ላይ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ተቀምጦ ያቃጥላል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ፍም አየር ስለሚያጥረው በሚገባ አይነድም፤ ስለዚህ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዘኛ ጋዝ በብዛት ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ አስገብተው፣ በር ዘግተው የሚተኙ ሰዎች የሚሞቱት በዚህ ምክንያት ነው።

3. የደን መሬት ከምን ከምን ተሠርቷል?

ደን ውስጥ ገብታችሁ መሬቱን በዶማ ብትቆርጡት አንዱ በሌላው ላይ የተነጠፈ አራት ዓይነት ነገር ታያላችሁ።

ሀ. ከላይ በቅርቡ የረገፈ ቅጠል፣ ሣርና ጭራሮ አለ። ይህ በነበልባል ይነዳል፤ በደቂቃዎችም ያልቃል።

ለ. ከሥሩ ግማሽ በግማሽ የበሰበሰ ቅጠልና እንጨት አለ። ቅርጹ ገና ይለያል፤ ተጨቁኖ እንደ ፍራሽ ተነጥፏል።

ሐ. ከዚያ ቀጥሎ ፈጽሞ የበሰበሰ፣ ጠቆር ያለና ለስላሳ ብስባሽ አለ። ለዛፉ ምግብና ውሃ የሚይዝለት ይህ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲደርቁ በፍም የሚነዱ ናቸው።

መ. ከታች ሸክላው፣ አሸዋውና ጠጠሩ ይገኛል። ይህ አይነድም።

ይሁን እንጂ በማይነደው አፈር ውስጥም ቢሆን እሳት የሚያልፍበት መንገድ አለ፤ እርሱም የደረቀ ሥር ነው። የሞተ ዛፍ ጉቶ ከላይ ከተያያዘ እሳቱ ሥሩን ተከትሎ ወደ ታችና ወደ ጎን ይሄዳል። ኩራዝ ውስጥ ክሩ ነበልባሉን እንደሚመግብ ሁሉ ሥሩም ፍሙን ይመግበዋል።

የብስባሹ ውፍረት እንደ አገሩ ይለያያል። በብርዳማ ደጋ ቅጠል የሚበሰብሰው በዝግታ ስለሆነ ብስባሹ ይወፍራል። በሞቃት ቆላ ግን ምስጡና ሙቀቱ ቶሎ ስለሚበሉት ስስ ነው። እርጥበትም ወሳኝ ነው። 1 ኪሎ ግራም ደረቅ ብስባሽ 1 ሊትር ከሩብ ያህል ውሃ ከያዘ ፍም ሊይዘው አይችልም ለማለት ይቻላል። ከዚያ በታች እየደረቀ በሄደ ቁጥር ለእሳት የተመቸ ይሆናል። ስለሆነም ከረጅም ድርቅ በኋላ የሚነሳ እሳት ከሌላው ጊዜ እሳት የሚለየው በነበልባሉ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን ወደ መሬት በመውረዱም ነው።

4. እሳቱ እንዴት ይመለሳል?

ቅደም ተከተሉ ብዙውን ጊዜ የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ነበልባሉ ያልፋል። ሰዎች በቅጠል እየመቱ፣ አፈር እየበተኑ፣ ውሃ ካለም እያፈሰሱ ያጠፉታል። ላዩ ጥቁር ይሆናል፤ ጭሱም ይቀንሳል። ፍሙ ግን በብስባሹ ውስጥ፣ በጉቶው ሥርና በወደቀው ግንድ ሆድ ውስጥ ይቀራል።

ቀጥሎ የፈሰሰው ውሃ ወደ ታች ሳይደርስ ይቀራል። ቅጠል ሲቃጠል ሰም መሰል ነገር ይተንና ወደ ታች ወርዶ በቀዝቃዛው አፈር ላይ ይለጠፋል። በዚህ ምክንያት የተቃጠለ አፈር ብዙ ጊዜ ውሃ ይገፋል፤ ውሃው በዘይት የተቀባ ቆዳ ላይ እንደፈሰሰ ተንከባልሎ ይሄዳል። ላዩ ሲርስ ያየ ሰው ሥሩም የራሰ ይመስለዋል።

በሦስተኛ ደረጃ ፍሙ ለቀናት ወይም ለሳምንታት በዝግታ ይጓዛል። ሰዎች የቆፈሩት የእሳት መከላከያ መስመር ጥልቀት ከሌለው በሥር በኩል ተሻግሮ ወደ ማዶ ሊወጣ ይችላል። በዚህ መካከል ሙቀት የገደላቸው ዛፎች ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፤ በጠቆረው መሬት ላይም አዲስ ደረቅ ማገዶ ይነጠፋል።

በመጨረሻ ደረቅና ነፋሻ ቀን ይመጣል። ነፋሱ አመዱን ይገልጠዋል፤ ለፍሙም አየር ይሰጠዋል። ብልጭታው ደረቅ ሣር ላይ ሲያርፍ ነበልባል ይነሳል። እናት ማለዳ አመዱን ገልጣ እፍ እንደምትለው ማለት ነው።

በአላስካና በካናዳ ጫካዎች ይህ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል ታይቷል። በበጋ የተነሳ እሳት በወፍራሙ ብስባሽ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ከበረዶ በታች ቆይቶ፣ በረዶው ሲቀልጥ በሚቀጥለው ዓመት የተነሳበት ጊዜ አለ።

5. ከደረሱት ቃጠሎዎች ምን እንማራለን?

ሰሜን ተራሮች፦ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ የዋልያ፣ የጭላዳ ዝንጀሮና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) በፓርኩ እሳት ተነሳ። የአካባቢው ሕዝብ በገደሉ ላይ እየወጣ በቅጠልና በእጅ መሣሪያ ታግሎ በቁጥጥር ሥር አዋለው። በሚያዝያ መጀመሪያ ግን እሳቱ እንደገና ተቀሰቀሰ። ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጡ፤ ዝናብም ረዳ። በጠቅላላው በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር ጓሳና አስታ ተቃጠለ።

ቦታው ለተዳፈነ እሳት የተመቸ ነው። ጓሳ በጉብታ በጉብታ የሚበቅል ሣር ስለሆነ በእግሩ ሥር የዓመታት የሞተ ሣር ታጭቆበታል። አስታም ወፍራም ጉቶና ሥር አለው። መሬቱ ብርዳማ በመሆኑ ብስባሹ ብዙ ነው፤ ነፋሱም አያቋርጥም። እንዲህ ባለ ቦታ ነበልባሉን መትቶ ማጥፋት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ ሊሆን አይችልም።

ባሌና ቦረና፦ በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2000) በጋ ላይ በነዚህ አካባቢዎች የተነሳው ቃጠሎ ከ100,000 ሄክታር በላይ አዳርሷል። ገበሬው፣ ተማሪውና ወታደሩ ዘምቶበታል፤ ከውጭ አገርም ባለሙያዎች መጥተዋል። እሳቱ ሳምንታት ወስዶ በመጨረሻ ያበረደው ዝናብ ነው።

ካሊፎርኒያ፦ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በኦክላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 1991 በኮረብታ ላይ አነስተኛ የሣር እሳት ተነስቶ በእሳት አደጋ ሠራተኞች ቁጥጥር ሥር ዋለ። በዛፎች ሥር በተከማቸው የጥድ ቅጠል ብስባሽ ውስጥ ግን ፍም ቀርቶ ነበር። በማግስቱ ሞቃትና ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ እሳቱ ተነስቶ 25 ሰዎች ሞቱ፤ ከ3,000 በላይ መኖሪያ ቤቶችም ጠፉ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ጃንዋሪ 1 ቀን የተነሳ አነስተኛ እሳት ጠፋ ተባለ፤ ጃንዋሪ 7 ቀን በዚያው አካባቢ የተነሳው ታላቅ ቃጠሎ 12 ሰዎችን ገድሎ ከ6,800 በላይ ቤቶችንና ሕንፃዎችን አወደመ። የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ባቀረበው ክስ እንደገለጸው፣ የመጀመሪያው እሳት በቁጥቋጦዎች ሥር ውስጥ ተዳፍኖ ቆይቶ በነፋስ የተነሳ ነው። የእሳት አደጋ መኪናና ሄሊኮፕተር በማይጎድልበት አገር ይህ ከሆነ ነገሩ የመሣሪያ ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ኢንዶኔዥያ፦ በዚያ አገር በረግረጋማ ቦታዎች ለሺህ ዓመታት የተከማቸ፣ በሜትር የሚለካ ውፍረት ያለው የተክል ብስባሽ አለ። እርጥብ ሳለ አይነድም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሩዝ ለማልማት በካሊማንታን ወደ 1 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ እንዲህ ያለ መሬት በቦይ ውሃውን አንጠፈጠፈው። በ1997 ድርቅ ሲመጣ መሬቱ ራሱ ነደደ፤ ጭሱም ጎረቤት አገሮችን ሸፈነ። በ2015 እንደገና በአገሪቱ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ከተወሰዱት እርምጃዎች ዋነኛው ቦዮቹን ዘግቶ መሬቱን መልሶ ማርጠብ ነው። ደንን ከእሳት መጠበቅ ውሃውን በአፈሩ ውስጥ ከመጠበቅ እንደሚጀምር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

6. አፈሩስ ምን ይጎዳል?

አብዛኛው የተክል ሥርና ብዙ በአፈር ውስጥ የሚኖር ነፍሳት 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይሞታል። ነበልባል ቶሎ ካለፈ አፈር ጥሩ መከላከያ ስለሆነ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወረድ ያለው ሥር ሊተርፍ ይችላል። ለዚህ ነው አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው። እሳቱ ከመሬት ውስጥ ለሰዓታት ከቆየ ግን ጉቶውም ዘሩም ይሞታል። ብስባሹ አመድ ይሆናል፤ የቀረውም አፈር ውሃ ይገፋል። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ያንን አመድና ልቅ አፈር ጠርጎ ይወስደዋል። ዛፍ በአሥር ዓመት ሊተካ ይችላል፤ አንድ ስንዝር ለም አፈር ግን በአንድ ሰው ዕድሜ አይተካም።

ከቃጠሎ በኋላ የሚሠራው ሥራም ከዚህ የሚከተል ነው። ከብትና ፍየል ለጊዜው እንዳይገቡ መከልከል፣ የወዳደቀውን ግንድ በተዳፋቱ አግድም ማጋደም፣ የድንጋይ እርከን መሥራት፣ ባዶውን መሬት በሣርና በቅጠል መሸፈን፣ ዝናብ ሲገባም መትከል ያስፈልጋል። ገና ከሥሩ ያልቀዘቀዘ መሬትን ግን ማንም እንዳይረግጥ ይሁን። ሥሩ ነዶ ያለቀ ዛፍ ያለ ነፋስ ይወድቃል፤ ከላይ አመድ ከታች ጉድጓድ የሆነ መሬትም የሰው እግር ይውጣል።

7. ደንን በመያዝ በኩል

እሳት ሁሉ ጠላት ነው ብሎ መከልከል ብቻ አይበቃም። በባሌ ተራራ እረኞች ለግጦሽ ሲሉ አስታውን በየተራ፣ በትንሽ በትንሽ ቦታ፣ ዝናብ ሊገባ ሲል ያቃጥሉ ነበር። አንዱ ቦታ ገና ለጋ ሲሆን ሌላው አርጅቷል፤ ለጋው በደንብ ስለማይነድ የትልቁን እሳት መንገድ ይዘጋል። ዝናቡም መሬት የገባውን ፍም ያጠፋዋል። ይህ ሁሉ በዘፈቀደ የሚደረግ አይደለም፤ ጊዜውንና ቦታውን የሚያውቁ ሰዎች ተማክረው የሚያደርጉት ነው። በድርቅ መካከል፣ ብስባሹ ደርቆ ሳለ የሚለኮስ እሳት ግን ማንም ይለኩሰው ማን መሬቱን ራሱን ይበላል።

የእሳት መከላከያ መስመር የሚቆፍሩ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ ደንብ አለ። ሣሩን መመንጠር በቂ አይደለም። ቅጠሉና ብስባሹ ተነስቶ ሸክላው ወይም አሸዋው እስኪታይ መቆፈር አለበት። መስመሩን የሚያቋርጥ ሥር ሁሉ ይቆረጣል። ነበልባሉ ከጠፋ በኋላም ሥራው ከዳር ወደ መሐል ይቀጥላል፦ መቆፈር፣ ፍሙን መበታተን፣ ውሃ ማፍሰስ፣ ከአፈሩ ጋር ማማሰል፣ በእጅ መዳሰስ። ከዚያ ቢያንስ ለተወሰኑ ቀናት፣ በተለይ ነፋስ በሚነሳበት ሰዓት፣ ቦታውን የሚጠብቅ ሰው ይመደባል።

8. በመጠለያ ጣቢያችን ምን እናድርግ?

የካኩማ መሬት በአብዛኛው ደረቅና አሸዋማ ስለሆነ እንደ ደጋው ወፍራም ብስባሽ የለበትም። ሆኖም እሳት የሚዳፈንባቸው ቦታዎች በዙሪያችን አሉ። እነርሱም የአመድ ክምር፣ የቆሻሻ ጉድጓድ፣ በጠጥ የተከመረበት የፍየል በረት፣ በደረቁ ወንዝ ዳር የተከማቸ ቅጠል፣ እንዲሁም ማቴንጌ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ጉቶና ሥር ናቸው። በወንዙ ዳር ያለው ግራር ደግሞ ባለቤት አለው። ቱርካናዎች ኤክዋር በሚሉት ሥርዓት የወንዝ ዳር ዛፎችን በቤተሰብ ይዘው ይጠብቃሉ፤ ፍሬው በበጋ የፍየሎቻቸው ቀለብ ነው። ከእኛ በኩል በተተወ ረመጥ እንዲህ ያለ ዛፍ ቢቃጠል የሚጎዳው የሰው ኑሮ ነው፤ ተከባብረን የምንኖርበት ጉርብትናም አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ የሚከተለውን እንድታደርጉ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ አመድ ከምድጃ እንደወጣ አይደፋ። በብረት ጣሳ ወይም በአሮጌ ድስት፣ ከአጥርና ከግድግዳ ርቆ ይቆይ። ከመድፋታችሁ በፊት አማስሉትና አይበሉባችሁን አስጠጉ፤ ሙቀት ከሌለው ብቻ በእጃችሁ ዳስሱ።

ሁለተኛ፣ ፍም ላይ አፈር መልሶ መሄድ ማጥፋት ሳይሆን ማዳፈን ነው። አፈር ነበልባልን ለማስተኛት ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ተቆፍሮ ፍሙ መውጣት አለበት። ሕፃናት በባዶ እግራቸው የሚሮጡበት መሬት መሆኑን አትርሱ።

ሦስተኛ፣ ውሃ በልክ የሚገኝ ስለሆነ የልብስ እጣቢ አታባክኑ። ሳሙና ያለበት ውሃ ውሃ የሚገፋውን የተቃጠለ አፈር ዘልቆ ለመግባት ከንጹሑ ይሻላል። ከዚያም የሚጠቅመው የውሃው ብዛት ብቻ አይደለም፤ እያማሰሉ ማፍሰስ ነው። ፈጽሞ ውሃ ከሌለ ፍሙን ሰባብራችሁ በባዶ መሬት ላይ በስሱ በትኑት፤ ከቀዝቃዛ አሸዋ ጋር እየደባለቃችሁ በእጅ ሲዳሰስ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

አራተኛ፣ በረት ወይም የቆሻሻ ጉድጓድ ከነደደ «ይጨስ እንጂ አይነድም» ብላችሁ አትተዉት። ማለዳ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ሂዱና ቀጭን ጭስ የሚወጣበትን፣ ነጭ አመድ የታየበትን ቦታ ፈልጉ። እዚያ ቆፍሩ። በማግስቱም በሠልስቱም ተመለሱ።

አምስተኛ፣ እሳት ሲነሳ ለሰፈሩ ኃላፊና ለጥበቃ ወዲያው ይነገር። ጠፋ ከተባለም በኋላ ተራ ጠባቂ ሳይመደብ ማንም ወደ ቤቱ አይሂድ።

የክፍል ሙከራ

ይህን ሙከራ መምህር ወይም ወላጅ ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ከቤት ርቃችሁ ሞክሩት። ሦስት ባዶ ጣሳዎች አዘጋጁ። መጠናቸው እኩል የሆነ ሦስት የከሰል ፍም ውሰዱ። አንደኛውን በደረቅ አመድ ውስጥ ቅበሩት። ሁለተኛውን ባዶ ጣሳ ውስጥ ብቻውን ተዉት። ሦስተኛውን ሰባብራችሁ ከረጠበ አሸዋ ጋር አማስሉት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሦስቱንም በእንጨት ገልጣችሁ ተመልከቱ። ከሁሉ ይልቅ ሕያው የሆነው የትኛው ነው? በዓይን ሲታይ የጠፋ ይመስል የነበረውስ የትኛው ነበር?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. እሳት ለመኖር የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ምን ምን ናቸው? ማዳፈን ከሦስቱ የትኛውን ይቀንሳል?
2. ነበልባልና ፍም በምን በምን ይለያያሉ?
3. በደጋ ደን እሳት ከመሬት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ለምንድን ነው?
4. የእሳት መከላከያ መስመር ሸክላው ወይም አሸዋው እስኪታይ መቆፈር ያለበት ለምንድን ነው?
5. በሰፈራችሁ እሳት ሊዳፈንባቸው የሚችሉ ሦስት ቦታዎችን ጥቀሱ። የሚጠብቃቸው ማነው?

አምስተኛውን ጥያቄ ከተማሪዎች ጋር ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩበት። መልሳችሁን ጽፋችሁ በየሰፈራችሁ ላለው መምህር ብትሰጡ፣ ቦታዎቹን አሰባስበን ለሰፈር ኃላፊዎች እናቀርባለን። እስከሚቀጥለው እትም ደህና ሁኑ።